ተውኔት ሲመረጥ ከትንሹ ገጸ ባሕርይ ይጀመር

የቴአትር ቡድን ቀጣዩን ሥራውን ለመምረጥ ሲሰበሰብ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ገጸ ባሕርይ ይነሳል። አንዱ አባል የታወቀ ተውኔት ይጠቅሳል፤ ሌላው ወዲያው «ንጉሡን እገሌ ይጫወተዋል» ይላል፤ እገሌም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ፣ የመድረኩ ስፋትም ሆነ የልምምዱ ጊዜ፣ አስቀድሞ ላለቀለት ውሳኔ ማሟያ ከመሆን አያልፍም። የተቀሩት ገጸ ባሕርያት የሚታሰቡት በመጨረሻ ነው፤ ያውም «መልእክተኛውን ማን ይሥራው?» በሚል ግዴለሽነት። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። አንድ ተውኔት ለአንድ ቡድን ይሆነው እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ትንሹ ገጸ ባሕርይ፣ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ የሚወጣው ሰው ነው።

ይህን የምለው አነስተኛ ሚና ለሚደርሳቸው ተዋንያን አዝኜ አይደለም። መሪውን ገጸ ባሕርይ የሚሸከም ተዋናይ የሌለው ቡድን መጀመሪያውኑ ከባዱን ተውኔት ለመምረጥ አይደፍርም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል አደጋው ያን ያህል አይደለም። አባላቱ ያለ ክፍያ፣ ከሥራና ከትምህርት በሚተርፋቸው ሰዓት የሚሰበሰቡበትን ቡድን ዝግጅት የሚያናጋው ከመሪው ተዋናይ ድክመት ይልቅ የአጃቢዎቹ መቅረት ነው። በሁለተኛው ገቢር አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ «እንግዶቹ ደርሰዋል» ለማለት ለወራት ልምምድ የሚመላለስ ሰው መጀመሪያ ያረፍዳል፤ ቀጥሎ አንዳንድ ቀን ይቀራል፤ በመጨረሻም ሲደወልለት ስልክ ማንሳት ይተዋል። ተተኪ ሲገባ ደግሞ መግቢያና መውጫውን እስኪያውቅ ድረስ ቃላቸውን አጥንተው የጨረሱት ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል። በዚህ ሁኔታ ልምምዱ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ የመሪው ተዋናይ ችሎታም ብቻውን የሚያድነው ነገር የለም።

በቴአትር ዓለም ማንም የሚያውቀው «ትንሽ ሚና የለም፣ ትንሽ ተዋናይ እንጂ» የሚል አባባል አለ። ሩሲያውያኑ የቴአትር አዘጋጆች ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ እ.ኤ.አ. በ1897 ሞስኮ ውስጥ ተገናኝተው፣ 18 ሰዓት ያህል በፈጀ ውይይት የሞስኮ አርት ቴአትርን ሲወጥኑ ከተስማሙባቸው መርሆች አንዱ ነበር። አባባሉ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ያኮረፈን ተዋናይ ለማባበል ነው። እኔ ግን ትንሽ ሚና አለ ባይ ነኝ፤ ጸሐፌ ተውኔቱ በር ለማስከፈት ወይም ወሬ ለማድረስ ብቻ የፈጠረው፣ የሚፈልገውም የሚፈራውም ነገር የሌለው ሰው ትንሽ ነው፤ የትኛውም ተዋናይ ቢይዘው አያድግም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ አባባል አጠገብ ያስቀመጡት ሌላ ሐሳብም ነበር፤ ዛሬ ሐምሌትን የሚጫወት ተዋናይ ነገ አጃቢ ሆኖ ይቆማል የሚል። ይህኛው ግን ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም። ነገ ተራው እንደሚደርሰው ቃል ያልተገባለት ሰው ዛሬ በትንሹ ሚና እንዲኮራ መጠበቅ ደግሞ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

መጠኑ አነስተኛ ሆኖ ሙሉ የሆነ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሩሲያዊው ጸሐፊ ጎጎል «ዋናው ተቆጣጣሪ» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ ካቆማቸው ሰዎች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1836 በሴንት ፒተርስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ይህ ኮሜዲ፣ በሙስና የተጨማለቁ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹማምንት አንድን ተራ መንገደኛ ከመንግሥት የተላከ ተቆጣጣሪ ነው ብለው ሲርበደበዱ ያሳየናል። ቦብቺንስኪ ከከተማዋ ሁለት ወሬኛ ባለመሬቶች አንዱ ነው፤ የታሪኩ መሪ አይደለም። በአራተኛው ገቢር ባለሥልጣናቱ ተራ በተራ ገንዘብ እያስያዙ ከወጡ በኋላ እሱም «ተቆጣጣሪው» ፊት ቀርቦ አንዲት ነገር ይለምናል። ሹመት አይጠይቅም፤ ምሕረትም አይጠይቅም። ወደ ፒተርስበርግ ሲመለሱ ለታላላቆቹ ሁሉ፣ ለንጉሠ ነገሥቱም ጭምር ቢሆን፣ በእንዲህ ያለች ከተማ ፒዮትር ኢቫኖቪች ቦብቺንስኪ የሚባል ሰው እንደሚኖር ይንገሩልኝ ይላል፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። ልመናው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ያን ሚና የያዘ ተዋናይ ግን የሚለማመደው ነገር አለው፤ እንዴት እንደሚገባ፣ የት ላይ እንደሚንተባተብ፣ ምላሹን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚሆን። የተውኔቱ መደምደሚያም ቢሆን የማንም ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ተቆጣጣሪ መምጣቱ ሲነገር ሁሉም ባሉበት ድርቅ ብለው እንዲቀሩ፣ ይህም ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል እንዲቆይ ጎጎል በማስታወሻው አዟል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከዳር የቆመው ሰው ዓይኑን ቢያንቀሳቅስ የመሪው ተዋናይ የምሽት ድካም ሁሉ መና ይቀራል። እንዲህ ያለ ተውኔት ብዙ ሰው የሚፈልግ ቢሆንም ብዙ ሰው ያላቸውን ቡድኖች ሊያስፈራ አይገባም።

አሁን እንደ ታላቅ ሥነ ጽሑፍ የምናነባቸው ተውኔቶች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተጻፉት ለተወሰኑ ሰዎች መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1599 በታተመው የ«ሮሚዮና ጁልየት» ቅጂ ውስጥ አንድ የመድረክ ትእዛዝ አገልጋዩ ፒተር እንዲገባ ማለት ሲገባው የተዋናዩን ስም ይዞ «ዊል ኬምፕ ይገባል» ይላል፤ ሼክስፒር የአገልጋዩን ሚና ሲጽፍ የቡድኑ ኮሚክ በዓይኑ ፊት ነበር ማለት ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞልየርም «ስስታሙ»ን እ.ኤ.አ. በ1668 ሲያቀርብ የአንዱ አገልጋይ እግር አንካሳ እንዲሆን ያደረገው ሚናውን የያዘው የቡድኑ አባል አንካሳ ስለነበረ ነው። እነሱ ሰዎቻቸውን አይተው ይጽፉ ነበር። እኛ ደግሞ ተጽፎ ካለቀው መካከል ስለምንመርጥ ሥራው ይገለበጣል እንጂ ጥያቄው ያው ነው፤ አንካሳውንም፣ ኮሚኩንም፣ ቃል ማጥናት የሚከብደውን ግን አቋቋሙ የሚያምረውንም አባል ይዞ ወደ መደርደሪያው መሄድ።

«ይህ ጥበብን ለቡድን አስተዳደር ማስገዛት ነው፤ መቅደም ያለበት የተውኔቱ ጥራትና የሚያነሳው ጉዳይ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጥራት የሌለውን ተውኔት ለአባላት ስለተመቸ ብቻ ምረጡ የሚል ሰው የለም። ሆኖም ተግባራዊ ምክንያትና ጥበብ ጠላቶች ናቸው የሚለውን ግምት አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1957 ከሳን ፍራንሲስኮ የሄደ አንድ የተዋንያን ቡድን በሳን ኩዌንቲን እስር ቤት 1,400 ለሚሆኑ ታራሚዎች ሁለት ሰዎች ጎዶ የተባለን የማይመጣ ሰው የሚጠብቁበትን የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን መጠበቅ» አሳይቶ ነበር። ተውኔቱ ለዚያ ቦታ እንዲመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው በውስጡ ሴት ገጸ ባሕርይ አለመኖሩ ነበር። ከዚያ በፊት የተማረውን ተመልካች ግራ ያጋባው ይህ ሥራ፣ መጠበቅ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት ታራሚዎች ፊት ሲቀርብ አዳራሹ በጽሞና ተከታተለው፤ ከታራሚዎቹ መካከልም በኋላ የራሳቸውን የቴአትር ቡድን ያቋቋሙ ነበሩ። እዚያው ተውኔት ውስጥ ትንሹ ገጸ ባሕርይ በሁለቱም ገቢሮች መጨረሻ ብቅ ብሎ ጎዶ ዛሬ እንደማይመጣ የሚናገረው ልጅ ነው። እሱ ቢወጣ ተውኔቱ ይፈርሳል።

የተመልካቹን ማንነት ዘንግቶ መምረጥ የሚያመጣውን ውርደት ደግሞ የሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት የቼኾቭ «የባሕር ወፍ» ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ የቀረበው አንዲት ተወዳጅ የኮሜዲ ተዋናይት በምትከበርበት ምሽት ነበር፤ ሊስቅ የመጣው ሕዝብ ባልሆነ ቦታ ሳቀ፣ ጮኸ፣ ጸሐፊውም አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ያው ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በኋላ በሞስኮ አርት ቴአትር፣ ትንንሾቹ ሚናዎች ሳይቀሩ በጥንቃቄ ተሠርተው ሲቀርብ ትልቅ ስኬት ሆነ፤ ወፏም የቴአትር ቤቱ ዓርማ ሆነች። ስለዚህ «ተውኔቱ ጥሩ ነው?» ብሎ ብቻ መጠየቅ ለመምረጥ አይበቃም።

ታዲያ ከትንሹ መጀመር በተግባር ምን ይመስላል? አንድ ወረቀት ላይ ትዕይንቶቹን በአግድም፣ ገጸ ባሕርያቱን በቁልቁል መጻፍ፣ ከዚያም ማን በየትኛው ትዕይንት መድረክ ላይ እንደሚገኝና ማን እንደሚናገር ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ሠንጠረዡ ሲሞላ ባዶ ሆኖ የሚታየው መስመር የሚያኮርፈውን አባል ይጠቁማል። ሁለትና ሦስት ትንንሽ ሚናዎችን ለአንድ ሰው መስጠት ይቻል እንደሆነም ከዚያው ይነበባል። የጥንት ግሪኮች የትራጄዲን ተናጋሪ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ጭንብል እየቀያየሩ በሦስት ተዋንያን ብቻ ይሠሩ ስለነበር አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ዘበኛ ሆኖ የወጣው ሰው በሚቀጥለው ገጽ ቄስ ሆኖ እንዲገባ ከተፈለገ ግን ልብስ የሚቀይርበት ደቂቃ መኖሩ አስቀድሞ ይታይ። ጽሑፉን ለማሳጠር የሚያስብ ቡድንም ሠንጠረዡን መሥራት ያለበት ካሳጠረ በኋላ ነው። «ሐምሌት» ሳይቀነስ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲቀነስም መጀመሪያ የሚወጡት የኖርዌዩን ልዑል ፎርቲንብራስን የመሳሰሉት ናቸው፤ የተውኔቱን የመጨረሻ ቃል የሚናገረው ግን እሱ ነው።

ከሠንጠረዡ ቀጥሎ የሚመጣው ጮክ ብሎ ማንበብ ሲሆን፣ ማንም ሚና ሳይሰጠው፣ በየትዕይንቱ አንባቢ እየተቀያየረ ቢነበብ ይመረጣል። ለብቻ ሲነበብ የሚያምር ምልልስ አፍ ላይ ሲገባ የሚደነቃቀፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ በትርጉም ሥራዎች ላይ። በንባቡ ጊዜ አዘጋጁ ጽሑፉን ትቶ የማያነቡትን ሰዎች ቢመለከት ይሻላል። ተራቸው ያልደረሰ አባላት ወደ ሰዓታቸው ማየት የሚጀምሩበት ገጽ፣ ተመልካቹም ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ የሚጀምርበት ገጽ ነው። በመጨረሻ የመወሰን ሥልጣን የአዘጋጁ ይሁን፤ በድምፅ ብልጫ የተመረጠን ተውኔት ሳያምንበት የሚያዘጋጅ ሰው ማንንም አይጠቅምም። ውሳኔው ግን ከንባቡ በኋላ ይምጣ።

የመብት ጉዳይ በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት የደራሲን መብት ቢያንስ ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት የሚጠብቅ ሲሆን፣ ብዙ አገሮች 70 ዓመት አድርገውታል። ደራሲው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሞተ ቢሆን እንኳ ተርጓሚው የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። የወንድን ሚና ወደ ሴት መቀየር፣ ትዕይንት መቁረጥና ገጸ ባሕርያትን ማዋሐድም ፈቃድ የሚጠይቁ ለውጦች ናቸው፤ ቤኬት ሴቶች የ«ጎዶ»ን ሚናዎች እንዳይጫወቱ በሕይወት ሳለ አጥብቆ ይቃወም ነበር። ስለዚህ «ሴቶቻችን ይበዛሉ፣ ዳኞቹን ሴት እናደርጋቸዋለን» ብሎ ልምምድ ከመጀመር በፊት ደብዳቤው ይጻፍ፤ መልሱ እስኪመጣም ቡድኑ በእጁ ሁለተኛ ተውኔት ይዞ ይቆይ።

እነዚያ ሁለት የሞስኮ ሰዎች ስለ ዛሬው ሐምሌትና ስለ ነገው አጃቢ ያሉትን ከልቡ የተቀበለ ቡድን ግን አንድ ተውኔት ብቻ መምረጡን ቢተው ይመረጣል። ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ መምረጥ፣ ሠንጠረዦቹንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በመጀመሪያው ባዶ መስመር የደረሰው አባል በሁለተኛው ምን እንደሚይዝ ከወዲሁ ስሙ ይጻፍለት። አንድ የሙሉ ምሽት ተውኔት ይህን ማሟላት ካቃተው ሁለት ባለ አንድ ገቢር ተውኔቶችን በአንድ ምሽት ማቅረብም አማራጭ ነው፤ በአንደኛው ንጉሥ የነበረው በሌላኛው በር ከፋች ይሆናል፤ በሩንም እንዴት እንደሚከፍት መለማመድ ይኖርበታል።