ሎሚው ስንት ጊዜ ይታጠብ?

በቀደም ኮምቦልቻ ከዋናው መንገድ ዳር ካለ ግቢ ገብቼ የሎሚ ቅጠል በሶፍት ጠረግሁ። ሶፍቱ ጠቆረ። የቤቱ እመቤት አይተውኝ ሳቁ፤ «ምን ላድርገው የኔ ልጅ፣ እንደ ሲኒ በየቀኑ አላጥበው!»

ኮምቦልቻ ላይ ብክለት ሲባል ቶሎ የሚነሳው ቦርከና ነው። ወንዙ ያሳዝናል፣ ይነሳ። አየሩ ሲነሳ ደግሞ የሚወራው ስለ ሰው ሳንባ ነው። ቅጠል አያስል፣ ሐኪም ቤት አይሄድ፤ ማን ያስታውሰዋል?

አቧራና ጥላሸት ሲጋገርበት ቅጠሉ ብርሃን ያጣል፤ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ። ይሄ እንኳ ዝናብ ሲጥል ይታጠባል። ጋዙ ነው የማይታጠበው። ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ከውስጥ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ኦዞን ደግሞ የመኪናና የፋብሪካ ጭስ በፀሐይ ሲመታ የሚፈጠር ነው፤ በነፋስ ተጉዞ ከከተማ የራቀ ማሳም ይደርሳል። ቅጠል ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የህዋሱን ግድግዳ ነው።

ግድግዳውን እንደ ጭቃ ቤት አስቡት። ሴሉሎስ ማገሩ፣ ፔክቲን ምርጊቱ። ህዋስ የሚያድገው ይህ ግድግዳ ሲለጠጥ ነው። ጥቃት ሲበዛበት ግን ተክሉ ብዙ ጊዜ ሊግኒን፣ ማለትም እንጨትን የሚያጠነክረውን ንጥረ ነገር፣ ይጨምርና ግድግዳውን ያጠነክራል። የጠነከረ ደግሞ እንደ ልብ አይለጠጥም። ወጪውም አለ፤ ለእድገትና ለፍሬ የታሰበው ስኳር ለጥገና ይሄዳል። ቅጠሉ ያንሳል፣ ፍሬው ይቀጭጫል፤ እኛ ዘሩን እንረግማለን።

በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ሲደርቅ ዝናብ አጠረ፣ ፍየል በላው እንላለን። ፍየሉም አልተሳሳትንበትም፣ ይበላል። ግን ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ ዞሮ የመጣ ከባድ መኪና ማርሽ ቀንሶ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ከኋላው ተከትላችሁ ታውቃላችሁ? ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ወደ 600 ሜትር ይጨምራል። ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ ዳር ላይ የተተከለው ችግኝ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለዚህ ፋብሪካ «ይህን ያህል ችግኝ ተከልሁ» ሲለን እናጨብጭብ፣ ቀጥለን ግን የጭስ ማውጫውን ማጣሪያ እንጠይቅ። ቦሎ ሲታደስ ጭሱ የምር ይለካ። ከቦርከና ውሃ ናሙና የሚወስድ ባለሙያም ከመንገድ ዳር ጥቂት ቅጠል ይዞ ይሂድ፤ ከባድ ሥራ አይደለም።

እመቤቲቱ እስከዚያ አልጠበቁም። በመንገዱ በኩል አሮጌ ቆርቆሮ አቁመውለታል።