ትኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት

ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቁጭ በሉና ስለ ፍጥነት ትኬት፣ ማለትም ከተፈቀደው በላይ ለነዳ ሾፌር ስለሚሰጠው የክስ ወረቀት፣ ወሬ አንሱ። አብዛኛው ሰው "ከፍዬ ተገላገልኩ" ይላችኋል። ይህ መልስ ሁሌም ያሳዝነኛል። ያው ሰው አዲስ አበባ ቢሆን መንገድ ዳር ቆሞ ትራፊኩን ይለምናል። "ኧረ በናትህ ወንድሜ፣ ለልጆቼ ስትል" ይላል። እዚያ ንግግሩ የሚጠቅመው ክሱ እስኪጻፍ ድረስ ነው። ከተጻፈ በኋላ ተራው ሾፌር የሚያውቀው መክፈልን ብቻ ነው።

እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። መንገድ ዳር መከራከር አይረባም። ፖሊሱ ወረቀቱን ሰጥቷችሁ ይሄዳል። መነጋገሪያው የሚከፈተው ከዚያ ወዲያ ነው። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ትኬት የተሰጠው ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይመርጣል፦ ይከፍላል፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ወይም ልከራከር ብሎ ችሎት ይጠይቃል። መካከለኛውን መንገድ ብዙዎቻችን ፈርተን እንተወዋለን። አያቶቻችን እኮ "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ በአደባባይ ይሟገቱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ያሉትም እነሱ ናቸው። እኛ ስደት ላይ ስንሆን ምን አፋችንን ዘጋው?

የማውቃቸው አንድ ጋሼ ኡበር ይሠራሉ። ከተፈቀደው በ18 ኪሎ ሜትር አልፈዋል ተብለው ተከሰሱ። ቅጣቱ መቶ ዶላር አይሞላም። "ልክፈልና ይብቃኝ" አሉ። ችግሩ ግን ብሩ አይደለም። ከ16 እስከ 29 ኪሎ ሜትር ማለፍ በመንጃ ፈቃድ ላይ 3 የጥፋት ነጥብ ያስይዛል፤ ነጥቡም ለ2 ዓመት መዝገባቸው ላይ ይቆያል። ከዚያ በላይ ኢንሹራንስ አለ። ኢንሹራንስ የሚያየው ነጥቡን ሳይሆን ጥፋተኛ መባልን ነው። በመሪ ለሚያድር ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

"ልጄ፣ ምን ብዬ ላናግራቸው? እንግሊዝኛዬም አይበቃ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ክፍያ የለውም።"

ከዚያ አብረን ተዘጋጀን። መጀመሪያ ሁሉንም ነገር ሳይረሱ ጻፉት፦ ቦታው የት ነበር፣ ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ፖሊሱ የቆመበት፣ የፍጥነት ምልክቱ ይታይ እንደሆነ። ምልክቱን ሄደን ፎቶ አነሳነው። የመንጃ ፈቃድ መዝገባቸውን አወጣን። ንጹሕ ነው፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ከማንኛውም ልመና በላይ ይናገራል።

ጋሼን ለማሳመን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። "ቸኩዬ ነበር፣ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚነዳው" ማለት ፈለጉ። እዚህ ሀገር ለፍጥነት ጥፋት ምክንያት ከክስ አያድንም። አለፍክ ወይስ አላለፍክም ነው ጥያቄው። የኑሮ ችግር ቅጣቱን ለማስቀነስ ወይም የመክፈያ ጊዜ ለማግኘት ይረዳ ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣም። ስለዚህ የሚጠይቁትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው እንዲገቡ ተስማማን፦ ነጥብ ወደሌለው ጥፋት ይቀነስልኝ።

ቀጠሮውን መርሳት አይቻልም። ያልቀረበ ሰው ክሱን እንዳልተቃወመ ተቆጥሮ ጥፋተኛ ይባላል። በንግግሩ የማይስማማ ግን ችሎት የመጠየቅ መብቱ አይነካም። እዚያ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፖሊሱ መንገድ ላይ አዝኖ ፍጥነቱን ቀንሶ ጽፎላችሁ ከሆነ፣ ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ትክክለኛው ፍጥነት እንዲመለስ ሊጠይቅ ይችላል።

ለጋሼ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ተቀነሰላቸው፤ ነጥቡ ቀረ። ጥፋተኛ መባሉ አልቀረም፣ እሱን አምነው ተቀበሉ። ፍጥነት ሰው ይገድላል፤ ጥፋት ሲኖር መቀጣት ተገቢ ነው። እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ጋሼ ከንግግሩ ሲወጡ "ሰውዬው እኮ ሰማኝ" አሉ።

አዲስ አበባ ላይ ዛሬ የትራፊክ ቅጣት በቴሌብር ይከፈላል። ጥሩ ነው፣ ሰልፍ ቀርቷል። የክስ ወረቀቱ ላይ ግን ከመክፈያው ጎን ሌላ መስመር ቢጨመር እመኛለሁ፦ ቅሬታ ያለው ሾፌር የት ቢሮ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ማንን ማናገር እንደሚችል የሚናገር።