ማስተካከያ፦ ባለ አንድ መክሊቱ ሰው ገንዘቡን አላባከነም

ባለፈው ስለ ገብር ኄር በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት አለ። ገብር ኄር የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ነው። ትርጉሙ «መልካም አገልጋይ» ሲሆን፣ ስሙ የመጣው በማቴዎስ 25 ካለው የመክሊት ምሳሌ ነው፤ አንድ ጌታ ለአገልጋዮቹ ገንዘቡን አደራ ሰጥቶ ወደ ሌላ አገር የሄደበት ታሪክ።

አንደኛው ስህተት፦ «አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ገንዘቡን በልቶ ጨረሰው» ብያለሁ። አልበላም። ቆፍሮ ቀበረው፤ ጌታው ሲመጣም ሳይጎድል መለሰለት። በልቶ የጨረሰው በሉቃስ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ነው። ሁለቱን ቀላቅያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

የታሪክ መምታታት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን ምክሬንም አበላሸው። «ገንዘብ አታባክኑ» ብዬ ነበር የደመደምኩት። ሰውዬው እኮ አንድ ሳንቲም አላባከነም! የተወቀሰው ፈርቶ ምንም ስላልሠራበት ነው። ዛሬ ብንፈልገው መሸታ ቤት አናገኘውም። ሙያውን ተምሮ ሲያበቃ፣ «ባይሳካልኝስ» እያለ የልብስ ስፌት መኪናውን ሸፍኖ ያስቀመጠው ሰው እሱ ነው። (እኔም የሸፈንኳቸው ነገሮች አሉኝ፣ ይቅር።)

ሁለተኛው፦ መክሊትን «ተሰጥኦ» ብቻ ብዬ ፈትቼዋለሁ። ዛሬ «መክሊቱን አገኘ» ስንል ልክ ነው። በምሳሌው ግን መክሊት የገንዘብ ልክ ነው፤ ወደ 6000 ዲናር። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ሰው የ20 ዓመት ገቢ ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ስለተሰጠው ናቀው» ያልኩትም ይሰረዝልኝ።