ዘመም ያለ ምስጋና

የእህቴ ልጅ የሠርግ አልበም ከስድስት ወር ጥበቃ በኋላ ባለፈው ሳምንት እጃችን ገባ፤ አንገቴ ገና ስላልተመለሰ ይህን ምስጋና የምጽፈው ወደ ግራ ዘንበል ብዬ ነው። ምስጋናው የሚገባቸው ለእናንተም አዲስ አይደሉም። ሙሽሮቹን አቁመው፣ ብርሃኑን አስተካክለው፣ ነጠላውን ሳይቀር አሳምረው ሲያበቁ፣ ልክ ሊያነሱ ሲሉ ካሜራውን ጠምዘዝ የሚያደርጉት ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ባይደርሱልን ኖሮ ሙሽሮች በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው የሚቆሙበትን ያን አሰልቺ ዘመን እንዴት እንሻገረው ነበር?

በአልበሙ ውስጥ አዳራሹ ያዘነብላል፤ ሚዜዎቹም ገደል አፋፍ ላይ እንደ ቆሙ ፍየሎች ተደርድረዋል። አንዱ ገጽ ላይ ያለው ብርሌ ደግሞ ምስጢሩን ያወጣል። ጠረጴዛው በእርግጥ ያን ያህል አዘንብሎ ቢሆን ኖሮ ጠጁ ወደ አንድ ወገን ተጠራቅሞ በፈሰሰ ነበር፤ እሱ ግን ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ሆኖ ረግቶ ተቀምጧል። ከታዳሚው ሁሉ ሳይሰክር የቀረው ጠጁ ብቻ ይመስላል።

የጥበቡ ጫፍ ግን የጫጉላ ጉዞው ገጽ ነው። ሙሽሮቹ አክሱም ሐውልቶቹ ዘንድ ቆመዋል። እንደምናውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተጭኖ ተመልሷል፤ በ2008ም መሐንዲሶች ብዙ ደክመው ዳግም አቁመውታል። ባለካሜራችን ይህን ሁሉ ድካም በአንድ የእጅ አንጓ ሻረው። የቆመው ሐውልት አሁን የሚደግፈው ሰው እንደሚፈልግ ሽማግሌ ወደ ጎን ተጋድሟል። ቸርነቱ ግን ወሰን የለውምና፣ ከድሮም ጥቂት ዘመም ያለውን የንጉሥ ኢዛናን ሐውልት በዚያው ቅጽበት አቃንቶታል! ባለሙያዎች ለዓመታት ሲጨነቁበት የኖሩትን ዘመምታ ያለ ብረት ድጋፍ፣ ያለ ጨረታ፣ ያለ በጀት ገላገላቸው። በዚህም አላበቃም። ከዘመናት በፊት ወድቆ የተሰባበረው፣ 33 ሜትር ያህል የሚረዝመው ግዙፉ ሐውልት በፎቶው ላይ አንድ ጫፉ ቀና ብሏል፤ ካሜራው ጥቂት ዲግሪ ቢጨመርለት ኖሮ ብድግ ብሎ በቆመ ነበር። ሙሽራው በበኩሉ ኃይለኛ ንፋስ እንደሚገፋው ሰው ተንጋዷል፤ ሙሽሪትም የምትወድቅበትን ቦታ የምታማትር ትመስላለች። የወደቀን የሚያነሣ፣ የዘመመን የሚያቃና፣ የቆመን የሚጥል፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጠቅታ የሚፈጽም ባለሙያ ቀብድ በዛብኝ ማለት ነውር ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው። የሙሽሪት አያት እማማ ሙሽሮቹን ሲመርቁ የተነሣ አንድ ፎቶ ነበር። አልበሙ ሳይደርስ እሳቸው አረፉ። ፎቶውን ለአርባቸው አስፍተን ልናሠራ ብንወስደው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ልጅ ምስሉን ማቃናት እንደሚቻል፣ ሲቃና ግን ማዕዘኖቹ ባዶ ስለሚሆኑ ዙሪያውን መቁረጥ ግድ እንደሆነ ነገረን። ዳር ላይ የነበረው የሚመርቅ እጃቸው ነው። እጃቸውን አስቆርጠን ሰቀልናቸው። ሰያፍ መስመር ለምስል እንቅስቃሴ ይሰጣል የሚል ሁሉ ይስማኝ፤ ሰያፉማ እዚያው ነበር! ከትከሻቸው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስሙ ወዳጎነበሱት ልጆች የሚወርደው ክንዳቸው ራሱ ሰያፍ መስመር ነበር። ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ዝም ብሎ መጫን ብቻ ይበቃ ነበር። የራሱን ዘይቤ ሲያይ የአሮጊቷን እጅ ያላየ ሰው ምን ሊያይ ካሜራ እንደሚሸከም አላውቅም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። እንግሊዛዊው የፊልም ዳይሬክተር ካሮል ሪድ እ.ኤ.አ. በ1949 ለዕይታ በበቃው ፊልሙ ላይ ካሜራውን ደጋግሞ አዘንብሏል፤ እሱስ ምክንያት ነበረው፣ ታሪኩ ጦርነት ባፈረሳት፣ ማን ማንን እንደሚያምን በማይታወቅባት ቪየና ውስጥ የሚካሄድ ነበርና። እንዲያም ሆኖ ወዳጁ ዳይሬክተር ዊልያም ዋይለር፣ ከእንግዲህ ካሜራህ ላይ አስቀምጠው ብሎ ውሃ ልክ ላከለት ይባላል። የእኛ የሠርግ አዳራሽ ከቪየና በላይ ምን ቢደርስበት ነው እንዲህ የሚዘመው?

የሙሽሪት ታናሽ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። ለያኔውም ያንኑ ባለካሜራ ቀብድ ሰጥተው ይዘውታል። እኔም ትናንት ከግንባታ ዕቃ መደብር ትንሽ ውሃ ልክ ገዛሁ። ሻጩ ለስንት ፎቅ ቤት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለሠርግ ነው አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።