ነገ ያለው ልጅ

እንቁላል ሰርቆ የጀመረውን ልጅ ታውቁታላችሁ። እናቱ አይታ ዝም አለችው። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ እያለ በሬ ላይ ደረሰ። በበሬው ተያዘና ስቅላት ተፈረደበት። ገመዱ ሥር ቆሞ «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» አላት። እኔ በሰማሁት ላይ ልሳምሽ ብሎ ጆሮዋንም ነክሷታል።

ሞኝ ልጅ! ደህና ጠበቃ ቢኖረው ይህን ነገር ለእናቱ ሳይሆን ለዳኛው ነበር የሚናገረው።

ይህ የገባቸው ቴክሳሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የ16 ዓመት የሀብታም ልጅ ሰክሮ ሲነዳ አራት ሰው ገደለ። በደሙ ውስጥ የተገኘው አልኮል ለአዋቂ ሰው ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ነበር። ጠበቆቹ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠሩ። ባለሙያውም የልጁን ሕመም በስሙ ጠራው፤ አፍሉዌንዛ። ሀብትና ኢንፍሉዌንዛ ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። ልጁ በድሎት አድጓል፣ ወላጆቹ ቀጥተውት አያውቁም፣ ስለዚህ ጥፋት ቅጣት እንዳለው አልተማረም ተባለ። በእኛ ተረት በእንቁላሉ ያልተቀጣ በበሬው ይሰቀላል። በቴክሳስ በእንቁላሉ ያልተቀጣ በበሬውም አይቀጣም። ፍርዱ ማገገሚያ ገብቶ መታከምና 10 ዓመት በገደብ መቆየት ሆነ። እስር የሚባል ነገር አልተፈረደበትም።

ዳኛዋን እንዳትታዘቡ። ርኅራኄ ውድ ነገር ነው፤ ያገኙት ሁሉ ላይ አይረጭም። እኚሁ ዳኛ በ2004 ሌላ የ16 ዓመት ልጅ ቀርቦላቸው ነበር። እሱም ሰክሮ ነው። የተሰረቀ ፒካፕ ሲነዳ አንድ ሰው ገደለ። 20 ዓመት ፈረዱበት። ልጁን ያሳደጉት አያቱ ነበሩ። ምን ይደረግ፣ ድህነት በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም።

የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሚዛኑ ተሰብሯል የሚሉ ሰዎች አሉ። ስም ማጥፋት ነው። ሚዛኑ ደህና ነው። የሚጫንበት ነገር ነው የሚለያየው። የሀብታም ልጅ የሚመዘነው በነገው ነው። የድሃው በትናንቱ ነው። ነገ ደግሞ መቼም ንጹሕ ነው፤ ማንም ነገ ላይ ሰርቆ አያውቅም።

ካሊፎርኒያን ተመልከቱ። አንድ ሰው ሦስት የጎልፍ ዱላ ሱሪው ውስጥ ከቶ እያነከሰ ከሱቅ ሲወጣ ተያዘ። የአንዱ ዋጋ 399 ዶላር ነው። የትናንቱ መዝገብ ተገለጠ። ሌላም ስርቆት፣ ዘረፋም አለበት። ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2003 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም 5 ለ4 አጸደቀው። ሰውየው ጎልፍ እንደማይችል ያስታውቃል። ጎልፈኛ ዱላውን በሱሪው አይሸከምም፤ የሚሸከምለት ልጅ አለው።

በዚያው ግዛት በ2016 አንድ የስታንፎርድ ዋናተኛ፣ ራሷን ስታ የወደቀች ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ በሦስት ክስ ጥፋተኛ ተባለ። ሕጉ እስከ 14 ዓመት ይፈቅዳል። ዳኛው ግን እስር ቤት ልጁን ክፉኛ ይጎዳዋል ብለው 6 ወር ሰጡት። በ3 ወሩ ወጣ። እስር ቤት ሰው እንደሚጎዳ የደረሱበት የመጀመሪያው ዳኛ ሳይሆኑ አይቀሩም! ሽልማት ሲጠበቅ፣ ውለታ ቢስ መራጭ በ2018 ድምፅ ሰጥቶ ከወንበራቸው አነሳቸው። የሴትየዋ ነገ እንኳ ሚዛኑ ላይ ቦታ አልተገኘለትም። ዋናተኛው ሞልቶት ነበር።

ሳይንሱን ደግሞ አድንቁልኝ። በሶና ጭኮ አንድ ገብስ መሆናቸውን እናውቃለን። አንዱ ዱቄት ነው፣ ሌላው ቅቤ ገብቶበት የተለወሰ። ዱቄት ኮኬይንና ክራክም እንደዚያው ናቸው። ዱቄቱ ላይ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ጨምረህ ስታሞቀው ክራክ ይወጣል። በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን 500 ግራም በሶ ሲነግድ ለተያዘ ቢያንስ 5 ዓመት፣ 5 ግራም ጭኮ ሲነግድ ለተያዘም ቢያንስ 5 ዓመት አለ። መቶ እጥፍ! ዱቄቱ የሀብታሞች ድግስ ላይ የሚዞር ነው። ክራኩ በድሃ ሰፈር በትንሽ ብር የሚቸረቸር። በክራክ ከተፈረደባቸው ከአስሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ሕጉ ላይ ጥቁር የሚል ቃል የለም። ቤኪንግ ሶዳ ነው ጥፋተኛው።

24 ዓመት ከታሰበበት በኋላ ማሻሻያ መጣ። እኩል ይሁን ያለ አለ፣ አይሆንም ያለ አለ። መርካቶ ጫማ ሲገዛ አይታችኋል አይደል? እንደዚያ ተከራክረው 18 ላይ ተጨባበጡ። 18 ለ1። የ2010ን ሕግ «ፍትሐዊ የቅጣት ሕግ» ብለው ሰየሙት። ፍትሕ በቁጥር ስንት እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው።

ለነገሩ ዋናው ሰው ሁለቱንም አይነካም። ብሩን ነው የሚነካው። በ2012 ኤችኤስቢሲ የተባለው ባንክ ቢያንስ 881 ሚሊዮን ዶላር የአደንዛዥ ዕፅ ገንዘብ በእጁ እንዳለፈ አመነ። ሜክሲኮ ውስጥ ነጋዴዎቹ የባንኩን መስኮት ለክተው፣ ልክክ ብሎ የሚገባ ሳጥን አሠርተው ነበር ጥሬ ገንዘቡን የሚያስገቡት። ባንኩ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፈለና ክሱ እንዲቆይለት ውል ፈረመ። አንድም ሹም አልታሰረም። ባንኩ ቢከሰስ የዓለም ገንዘብ ይናጋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ነገ ማለት እንደዚህ ነው! 5 ግራም የያዘው ልጅ ቢታሰር የሚናጋው የእናቱ ቤት ብቻ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ነገን አጥብቆ ያስባል። በ1987 ማክሌስኪ የተባለ ጥቁር የሞት ፍርደኛ ከጆርጂያ ጥናት ይዞ መጣ። ነጭ የገደለ ሰው፣ ጥቁር ከገደለው ይልቅ ሞት የሚፈረድበት ዕድል 4.3 እጥፍ ነው ይላል። ፍርድ ቤቱ «ቁጥሩ ውሸት ነው» አላለም። ልክ ነው ብለን ብንነሳ እንኳ አለ፣ ይህን ዛሬ ብንቀበል ነገ ሌላው ፍርደኛ ሁሉ የራሱን ቅጣት ይዞ ይመጣል። 5 ለ4 ውድቅ ሆነ። ከተቃወሙት አንዱ ዳኛ ብሬናን፣ ይሄ ፍትሕ እንዳይበዛ መፍራት ነው ብለው ጻፉ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ፓውል ጡረታ ወጥተው፣ ድምፄን ብቀይር ደስ ይለኝ ነበር ብለዋል። ማክሌስኪ በ1991 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። የጡረታ ሐሳብ እንደዚህ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

እኛ ሐበሾች ግን አንሰጋም። ዋሽንግተን አካባቢ ሻይ ላይ ተቀምጠን «ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው፣ ልጆቻችን ጨዋ ናቸው» እንላለን። የፌደራሉ የቅጣት ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ጥናት የጥቁር ወንዶች እስራት ከነጮቹ በ13.4 በመቶ ይረዝማል፤ ያውም ወንጀሉና የትናንቱ መዝገብ ከግምት ገብቶ። የቆዳ ቫት በሉት። አገር ቤት ቫት 15 ስለሆነ ይሄ ቅናሽ አለው። ሐበሻ መሆኑን ለሚያስረዳ ነፃ ይደረጋል ሲባል ግን አልሰማሁም።

የቴክሳሱን ልጅ ሳልጨርስላችሁ። ሰው ሲታመም መጠየቅ ደግ ነው። በ2015 መጠጥ ያለበት ጨዋታ ላይ የተቀረፀ ቪዲዮ ወጣበት። ገደቡን ጥሶ ከእናቱ ጋር ወደ ሜክሲኮ ጠፋ። ከመሄዳቸው በፊት የስንብት ድግስ ደግሰው እንደነበር የአካባቢው ሸሪፍ ተናግሯል። ፒዛ በስልክ ሲያዝዙ ተደረሰባቸው። ያኔ 720 ቀን ተፈረደበት። ለእያንዳንዱ ሟች 180 ቀን ደረሰው።

እናትየውም ተከሰሰች። ጆሮዋ ግን ደህና ነው።