ጃዝ ጊታር ያለ ኖታ አይሞከርም ላልከው

ወንድሜ፣ «ኖታ የማያነብ ሰው ጃዝ ጊታር አይሞክረው» ያልከው በየቦታው ይባላል፤ ግን ልክ አይደለም። ታላቁ አሜሪካዊ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ዌስ ሞንትጎመሪ ኖታ አያነብም ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውን የጃዝ ጊታሪስት የቻርሊ ክርስቲያንን ሶሎዎች (ለብቻ የሚወጡ የጊታር ዜማዎች) ከሸክላ እየሰማ ነው የተማረው፤ ያውም በአውራ ጣቱ እየመታ! ኖታ ይጠቅማል፣ አልክድም። ቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ጆሮ ነው፤ ባቲንና አምባሰልን ሰምቶ ያደገ የደሴ ልጅ ደግሞ ጆሮ አያጣም።

እነዚህን ሦስት ኮርዶች (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) በተራ ሞክር፦ ዲ ማይነር ሰባት፣ ጂ ሰባት፣ ሲ ሜጀር። ከመጀመሪያው ኮርድ ወደ ጂ ሰባት ስትሻገር ሁለተኛዋን ክር ከፍሬት 1 (ከጊታሩ አንገት የመጀመሪያ ክፍል) ልቀቃት፤ ድምፅዋ ከሲ ወደ ቢ ይወርዳል። ወደ ሲ ሜጀር ስትገባ ደግሞ አንደኛዋ ክር ከኤፍ ወደ ኢ ትወርዳለች። ሁለቱን አወራረዶች በአፍህ አዚማቸው። ሶሎህን ከእነሱ ጀምር፣ ቀስ ብለህ፤ ፍጥነቱ ይደርሳል።