ለሰው ፊት ብለን ሳጥኑን አናራቁተው

ወገኖቼ፣ ድሃ መቆጠብ ይችላል። የሚጠራጠር ካለ የኒጀርን ሴቶች ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1991 በማራዲ አካባቢ ኬር የተባለው ድርጅት ያገዛቸው የገጠር ሴቶች በቡድን ሆነው መቆጠብ ጀመሩ። ብዙዎቹ ፊደል ስላልቆጠሩ ሂሳቡን በቃላቸው ይይዙት ነበር። የዛሬዎቹ የመንደር ቁጠባና ብድር ቡድኖች መነሻቸው እሱ ነው። እኛን የሚጥለን ይሉኝታችን ነው።

የቁጠባ ቡድናችንን የስብሰባ ቀን ታውቁታላችሁ። የገንዘቡ ሳጥን መሀል ይቀመጣል። ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሰዎች እጅ ናቸው፤ አንዱ ከቀረ አይከፈትም። ገንዘቡ ሁሉም እያየ፣ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ የባለዕዳዎች ስም ይጠራል። አቅም ያለው፣ መንደሩ የሚፈራው ሰውዬ ተራ ሲደርስ "ለሚቀጥለው" ይላል። ባለፈውም እንደዚሁ ብሎ ነበር። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ከሌባ በሦስት ቁልፍ የጠበቅነውን ገንዘብ በዝምታ እናስረክባለን።

እዚያው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ልጇን ለማሳከም ብድር ትጠይቃለች። ደብተሯን ገልጣችሁ እዩት፤ የቁጠባው ማኅተም አንድም ሳምንት አልተዘለለም። "አሁን ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም" ትባላለች። አራጣ አበዳሪ ደጅ ልትቆም ትሄዳለች። የእሷ ገንዘብ ግን ሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው።

መክፈል እየቻልክ የምታመላልስ ወንድሜ፣ "የቡድን ገንዘብ ነው" እያልክ ራስህን አታታል። የጎረቤቶችህ ገንዘብ ነው። ባንክ ቢሆን መያዣህን ይወስድብህ ነበር። እዚህ ያስያዝከው ስምህን ብቻ ነው፣ እሱንም እየጨረስከው ነው።

አዝመራ የከዳው ወይም ሕመም የጣለው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። እሱን በሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው። ቀኑ ሳይደርስ ቀድሞ ይናገር፣ እኛም ጊዜ እንስጠው። ማኅበራዊ ፈንድ የምናዋጣውም ለእንዲህ ያለ ክፉ ቀን ነው።

ዝም ያልነውስ? ደንቡን እጃችንን አውጥተን ያጸደቅነው እኛው ነን። ማንም ከቁጠባው ከሦስት እጥፍ በላይ አይበደርም ብለናል። ታዲያ ለተከበረው ሰው ሲሆን ለምን ይላላል? የተማራችሁ ልጆች፣ መዝገቡን ክፈቱና ማን ስንት እንደወሰደ፣ መቼ መመለስ እንደነበረበት ጉባኤው እየሰማ አንብቡት። ጸሐፊነቱንም ለአንድ ሰው ብቻ አትተዉት።

የቁጠባው ዙር ሊዘጋ ሲል ብድር ሁሉ ተመልሶ ገንዘቡ ለየአባሉ እንደቁጠባው ይከፋፈላል። ያልከፈለ ካለ ዕዳው ከራሱ ቁጠባ ላይ ይቀነስ። ካልሸፈነውም ቀሪውን እስኪጨርስ አዲሱን ዙር አይጀምር። ይህ ደንብ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠራው በምንፈራው ሰው ላይ ይሁን።